በአርባው እጠበው

ከአባይ በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መኪና ባለቤቱ እንኳ ቀለሙን ይረሳዋል። ቀይ ይሁን ሰማያዊ የሚታወቀው እኔ እጅ ከገባ በኋላ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው። ውሃ በሞተር እየገፋ መኪና የሚያጥብ ሰው በዚያ መንገድ ላይ በ1963 ዓ.ም. አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ጀማለዲን ነኝ።

አባቴ አብዱልቃኒ በደጀን ገበያ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። «ከሚዛን ተነስተህ ወደ ጭቃ?» ብሎ ሦስት ወር አኩርፎኛል። እኔ ግን አዲስ አበባ በአንድ ግሪክ ጋራዥ ሰባት ዓመት መኪና ሳጥብ ኖሬ፣ ግሪኩ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ አሮጌ ፓምፑን ትቶልኝ፣ እሱን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ። ኩርፊያ የሚያስቆመኝ ሰው አልነበርሁም። ውሃ ከምንጭ በአህያ እያስመጣሁ በበርሜል አጠራቅማለሁ። አፋፉ ላይ ቆሞ አባይን ቁልቁል እያዩ ውሃ በአህያ ማስመጣት! «ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያለው ሰው ደጀንን ሳያይ አልቀረም።

ሥራዬ ሁሉ ያለው በአራት ቁራጭ ነሐስ ላይ ነው። ከሞተሩ የጎማ ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው ረጅም የብረት ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ በዘንጉ ጫፍ አውራ ጣት የምታህል ነሐስ ትገጠማለች። እሷን አፍ እንላታለን። በአራቱ አፎች ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ዜሮ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ አርባ። እኔ ደግሞ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ዜሮው መርፌ ነው፤ ውሃው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ያገኘውን ይበሳል። አሥራ አምስቱ ቢላዋ፣ ሃያ አምስቱ መጥረጊያ ነው። አርባው ነጠላ ነው፤ ውሃው ሰፍቶና ሳስቶ እቃው ላይ ያርፋል። ግሪኩ ሲያስተምረኝ «ቁጥሩ ጉልበት አይደለም፣ ስፋት ነው» ይለኝ ነበር። «ውሃው ያው ውሃ ነው። ሲሰበሰብ ይወጋል፣ ሲበተን ያብሳል።»

መርፌው ለመኪና ሆድና ለሻንሲ ነው፤ የበረሃ ጭቃ ደርቆ ሲሚንቶ የሚሆነው እዚያ ነውና። ቢላዋው ለሲሚንቶ ወለል፣ መጥረጊያው ለጎማና ለጭነቱ ሳጥን፣ ነጠላው ለቀለም፣ ለመስታወትና ለሸራ። ስጠራጠር ጭቃ የለበሰ ድንች አምጥቼ መሬት ላይ አስቀምጥና እተኩስበታለሁ። ጭቃው ሄዶ ቆዳው ከቀረ፣ ያ አፍ ከዚያ ርቀት ላይ ቀለም አይልጥም ማለት ነው። ድንቹ ከተላጠ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ወይም አፍ እለውጣለሁ። ይህን ግሪኩም አያውቀውም፤ የራሴ ነው። የተላጡትን ድንቾች ባለቤቴ ሰልማ ለቅማ ወጥ ትሠራባቸዋለች። «የባሌ ሥራ ለእኔ የጠቀመኝ በዚህ ብቻ ነው» ትላለች ለጎረቤት።

ሾፌሮቹን ግን ማስተማር አልቻልሁም። ቁጥር የቆጠረ ሁሉ አርባ ከዜሮ ይበልጣል ባይ ነው። «ጀማል፣ እንዳታታልለኝ፣ በአርባው እጠበው!» ይሉኛል፣ ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ። እኔም እንደ መሪጌታ ቆሜ አስረዳለሁ፤ እነሱም እሺ ብለው ይሰሙና በሳምንቱ መጥተው «በአርባው!» ይላሉ። በመጨረሻ «እሺ፣ በአርባው» እያልሁ ሻንሲውን በመርፌው ማጠብ ጀመርሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ አለ። ግራዝማች እንዳላማው ናቸው።

ግራዝማች የደጀን ትልቁ ሆቴል ባለቤት ናቸው። እጥበቴም የሚሠራው ከሆቴላቸው ጎን በሰጡኝ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ላንድሮቨራቸውን ይዘው የመጡ ዕለት እንደ ሌላው ሰው «በአርባው» አላሉም። «እኒህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ድንቹንም አሳየኋቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሲሰበሰብ ይወጋል፣ ሲበተን ያብሳል» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ «ለቀለሙ ነጠላውን አድርግልኝ» አሉኝ። ያን ቀን እቤቴ የገባሁት እየዘፈንሁ ነው።

ይህን ካልሁ ሌላውንም መናገር አለብኝ። ግራዝማች ኩሩ ነበሩ፤ ኩራታቸው ደግሞ ሰው ላይ ይወድቅ ነበር። ሆቴላቸውን አገሩ ሁሉ «ድንጋይ ቤቱ» ነው የሚለው። የከተማው ቤት በሙሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ የእሳቸው ብቻ ፊት ለፊቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ድንጋዩ በነጭ ኖራ የተዋበ፣ መጋጠሚያው በጥቁር መስመር የተለየ ነው። ዓመት ሙሉ ዙሪያውን በሰሌን ሸፍነው ነው ያሠሩት አሉ፤ ሰሌኑ የተነሳ ዕለት ሰው ከደብረ ኤልያስ ድረስ ሊያየው መጥቷል። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን ሰው በተሰበሰበበት «ጭቃ ቤት ያደገ ልጅ ውሃ ባይነካ ይሻለው ነበር፤ ቤቱን ያፈርሰዋል» ብለው ቀልደውብኛል። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልረሳሁትም። እኔ እንዲህ ያለውን አልረሳም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የግራዝማች ልጅ የኔዓለም ተጠየቀች። ጠያቂዎቹ የደብረ ማርቆስ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄደዋል፤ በቀጠሯቸው እሑድ ሊመለሱ ነው። ግራዝማች የሚመኩበት አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ልጄን የምሰጠው ከድንጋይ ቤት አውጥቼ ነው» የምትል። ችግሩ ግን ክረምቱን ሙሉ መኪና ጭቃ ሲረጭበት፣ ጢስ ሲተፋበት ከርሞ ድንጋይ ቤቱ ጥቀርሻ ለብሷል። ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ።

«እጠብልኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በነጠላው» አሉ።

ድንጋይ በነጠላ? ገርሞኝ ነበር። ጥቀርሻ የያዘው ድንጋይ ቢላዋ እንጂ ነጠላ አይበቃውም። ሥራዬን አውቃለሁና የሳቸውን ትእዛዝ ትቼ፣ ለመጀመሪያ ያህል መጥረጊያውን ገጥሜ ከጓሮ በኩል ያለውን ጥግ ነካሁት። ጥቀርሻው ሄደ። ከጥቀርሻው በኋላ የወረደው ውሃ ግን ጥቁር አልነበረም፤ ቀይ ነው። በቀዩ ውሃ ውስጥ የጤፍ ጭድ ተንሳፈፈ።

ውሃውን ዘግቼ ቀረብሁ። በጣቴ ነካካሁት። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው እውነተኛ ድንጋይ ነው። ከጉልበት በላይ ያለው ግን የኔ ቤት ወንድም ነው፤ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ። በላዩ ስስ ልስን፣ በልስኑ ላይ ኖራ፣ በኖራው ላይ በብሩሽ የተሣለ የድንጋይ መጋጠሚያ። ሠዓሊው እጁ ይባረክ፣ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ እንኳ ሠርቶለታል። ስምንት ዓመት አገሩ ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ማንም አላወቀም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። «ጭቃ ቤት ያደገ ልጅ» ያሉኝ ሰው! ልቤ ወዲያው ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠ፤ ለእነማን እንደምነግር፣ እንዴት እንደምጀምር ሁሉ አሰብሁ። ወሬ ሲያምርብኝ አገር ያውቃል።

ያን ጊዜ ከበረሃው የወጣ ትልቅ ፊያት ከነተሳቢው መጥቶ ሆቴሉ ፊት ቆመ። የወረዱት ሰው ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ የገፉ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ ወፍራም ሰው ናቸው። የሙሽራው አጎት አቶ በላቸው ነበሩ፤ በመጀመሪያው ሽምግልና ባይመጡም ለነገው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። መኪኖቻቸው የሚሠሩት ከማርቆስ ወዲያ ስለነበር እስከዚያ ቀን እኔ ጋ ታጥበው አያውቁም። ከአዲስ አበባ ጭነው ሲመለሱ፣ ለነገው ሽምግልና ከመድረሳቸው በፊት ቤቱን ሊያዩት ፈልገዋል። ግራዝማች ወጥተው ተቀበሏቸው። ተሳፋሪውም፣ ሾፌሩም፣ ሻይ ጠጪውም ተሰበሰበ።

«ግራዝማች፣ ስሙን ስሰማው የኖርሁት ድንጋይ ቤት ይኼ ነው?» አሉ አቶ በላቸው። «ለወንድሜ ልጅ አማት አገኘንለት ማለት ነው! ግን ምነዋ እንዲህ ጠቆረ?»

«እያሳጠብሁት ነው» አሉ ግራዝማች።

አቶ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ ይተኩሳል የሚሉህ አንተ ነህ? በል እንግዲህ ጠንካራውን አግባና ልይህ!»

ግራዝማች «ቀስ ይበል፤ ኖራው እንዳይሄድ» አሉ።

«ኖራው ቢሄድ ድንጋዩ አለ! ድንጋይ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚፈራው?» ብለው አቶ በላቸው ሳቁ። ሰውም አብሮ ሳቀ።

የግራዝማችን ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንቢ ቢሉ ድንጋዩ ድንጋይ አለመሆኑን ተናገሩ ማለት ነው። እሺ ቢሉ ግድግዳው በሰው ፊት ይናዳል፣ ነገ የሚመጡትን ሽማግሌዎች የሚቀበላቸው ጭቃና ጭድ ነው። ልጅቷ የኔዓለም በመስኮት ታያለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ሁለቱም እንደሚያውቁ ከፊታቸው አነበብሁ።

«በል ጀማለዲን» አሉ ግራዝማች በቀጭን ድምፅ፤ «እንዳሉህ አድርግ። ጠንካራውን።»

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። የሰው ገመና በእጄ ላይ ሲወድቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አራቱን አፎች ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ ላይ ዘርግቼ ለአቶ በላቸው አቀረብሁላቸው።

«ቁጥራቸውን ያንብቡልኝ» አልሁ።

አንድ በአንድ እያነሱ አነበቡ። «ዜሮ። አሥራ አምስት። ሃያ አምስት። አርባ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ከአርባ በላይ የለህም?»

«ከአርባ በላይ የለኝም» አልሁ። ወላሂ አልዋሸሁም።

«እንግዲያ በአርባው እጠበው!» አሉ ድምፃቸውን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው።

ዓመት ሙሉ የተሟገትሁት ስሕተት በዚያች ቅዳሜ ራሱ መጥቶ አዳነን። ነጠላውን ገጠምሁ። ግራዝማች አፏን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

ያን እጥበት ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋል። አምስት እርምጃ ራቅሁ። ውሃውን ወደ በርሜሉ የሚመልሰውን ቧንቧ ግማሽ ከፈትሁለትና ሞተሩን አስጮህሁት፤ ጩኸቱ የአንበሳ፣ የሚወጣው ውሃ ግን የካፊያ ነው። ፊት ለፊት አልመታሁም፤ ከጎን አስተኝቼ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ሳልቆም አሳለፍሁት። የተሰነጠቀ ባለበት ዘንጉን አንስቼ ዘለልሁት። ወደ ታች ወደ እውነተኛው ድንጋይ ስደርስ ብቻ ቀረብ ብዬ ፎከርሁበት። ጥቀርሻው እንባ እየመሰለ ወረደ። ዓይኔን ከወራጁ ውሃ ላይ አላነሳሁም፤ ቀይ ሲሆን ለመሸሽ። ቀይ አልሆነም። ኖራው ተገለጠ፣ መስመሩ ተገለጠ፣ የተሣለው ጥላ እንኳ አልጠፋም። ሰው አጨበጨበ።

«ድንጋይ እኮ ድንጋይ ነው!» አሉ አቶ በላቸው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም።

«በል የኔንም ፊያት፣ በዚያው በአርባው!»

የመኪናው ሆድ የበረሃ ጭቃ እንደ ግንብ ተለጥፎበታል። በመርፌው ቢሆን ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ግን ሰውየው ከጎኔ ቆመው አፎቹን እያዩ ነው። ግድግዳውን በአርባው አጥቤ ጭቃውን በዜሮው ብፈነቅለው፣ ዜሮው ከአርባው እንደሚበረታ ያያሉ፤ ያን ካዩ ድንጋይ ቤቱ ለምን በስሱ እንደታጠበ ማሰብ አይሳናቸውም። እጄን መለስሁ።

ሻንሲውን በነጠላ አጠብሁት። ጭቃው ረጠበ፣ አብረቀረቀ፣ እዚያው ቀረ። ቀረብሁ፣ ራቅሁ፣ ተኝቼ ከሥር ገባሁ፤ እዚያው ነው። ደንበኛዬ አንሙት የሚባል ሾፌር ሻንሲ በመርፌው ሳጥብ ያየኛልና ከሰው መሃል «ኧረ ጀማል፣ ምን ነካህ? መርፌውን እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«መርፌው ተደፍኗል» አልሁት። እሷ ግን ውሸት ናት፤ አላህ ይማረኝ።

አቶ በላቸው አጎንብሰው በጥፍራቸው ከሻንሲው ላይ ጭቃ ፍቀው አሳዩኝ። «ዝናህ ይኼ ነው? ድንጋይ ታጥባለህ፣ ጭቃ ግን አቃተህ!» ሰው ተንከተከተ። ፊያቱም ጭቃውን እንደያዘ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ነገ ሽማግሌ ሁሉ የሚሳፈርበት መኪና ነው፤ አጣቢው ማን ነው ቢባል ጀማለዲን ሊባል ነው። ከእጄ እንዲያ ሆኖ የወጣ መኪና ከዚያ በፊት አልነበረም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የኔን ስም በቁሜ ጭቃ ላይ ጽፌ ሸኘሁት። ግራዝማች ደረጃው ላይ ቆመው ፊያቱ እስኪሰወር አዩት። ወደ እኔ ሳይዞሩ ገቡ።

ማታ ሰልማ «ዛሬ ምነው አፍህ ተዘጋ? ታመሃል እንዴ?» አለችኝ። ለእሷም አልነገርኋትም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የደጀን አፋፍ ደግሞ ጥልቅ ነው። አልጋ ላይ ወደ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁና የራሴን ቤት ጭቃ በጣቴ ስዳብስ አደርሁ።

ሽምግልናው ሰመረ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔ ግን ከማርቆስ እስከ ደጀን «ድንጋይ አጣቢው» ተባልሁ። ሾፌሮች ሲያልፉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ድንጋይ አለህ ዛሬ?» ይሉኛል። አንዳንዱ ጭቃውን እንደያዘ አልፎኝ ይሄዳል። አባቴ ነገሩን ገበያ ላይ ሰምቶ «ሚዛኑ አሁንም አለ» አለኝ፤ ይኼ ከስድቡ ሁሉ የበለጠ አመመኝ። አንዲት ቃል ብናገር ስሜ ይመለስ ነበር። ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ሦስት ወር ተቀመጠች። እልኸኛ ነኝ፤ እልሄን በራሴ ላይ አዞርሁትና አልተናገርሁም።

ሠርጉ አለፈ፣ መልሱ ደረሰ። ሙሽሮቹ ከነዘመዶቻቸው ከማርቆስ ወደ ሴቲቱ ቤት የሚመጡበት ድግስ ነው። ግራዝማች ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻው ወይፈን ሰጥተው፣ ባርኬ የማርደው እኔ እንድሆን አዘዙ። ዳሱ ውስጥ እኛ በግራ፣ የማርቆስ ሰዎች በቀኝ ተቀመጥን። አባቴ ከጎኔ ነው። ተበላ፣ ተጠጣ። ጠጁ ሲሞቃቸው አቶ በላቸው ተነስተው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እናንተ፣ ይኼን ሰው ታውቁታላችሁ? ድንጋይ አጣቢው ነው! ፊያቴን እንዲህ አድርጎ አጥቦልኝ፣ ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ሱሪያቸው ሁሉ ጭቃ ሆነ!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ግራዝማች ተነሱ። ነጭ ሸማቸውን እንደለበሱ ነው። «ጀማለዲን፣ ሞተርህን አስነሳ» አሉ።

ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ቀረብ ብዬ በለሆሳስ «ግራዝማች፣ ይተዉት። ባይሆን ለልጅዎ ሲሉ» አልኋቸው።

«አንተ ሦስት ወር ዝም ብለሃል» አሉ ሰው እንዲሰማ። «ልጄን ድሬያለሁ። አሁን የምናገረው እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዳሱን ለቆ ወጣ። ሞተሩን አስነሳሁ። ግራዝማች አራቱን አፎች ከእጄ ተቀብለው ለአቶ በላቸው እያሳዩ «ቁጥሩ ጉልበት አይደለም አቶ በላቸው፣ ስፋት ነው» አሉ። «ሲበተን ያብሳል፤ ያን ቀን ቤቴ የታጠበው በዚህ፣ በአርባው ነው። ሲሰበሰብ ይወጋል፤ ይኼ ደግሞ ዜሮው ነው።» ዜሮውን በገዛ እጃቸው ገጠሙ። ዘንጉን ወደ ግድግዳቸው፣ ከዋናው በር አጠገብ አነጣጠሩና ለቀቁት።

ኖራው ፈነዳ። ቀይ ጭቃ ተፈናጥሮ ነጭ ሸማቸውን፣ ፊታቸውን፣ ጺማቸውን ሞላው። ውሃውን ሲዘጉ ግድግዳው ላይ ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ከቀዳዳው የጤፍ ጭድ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ቤቴ ጭቃ ነው» አሉ። «ድንጋዩ ከጉልበት በላይ አልደረሰልኝም፤ የቀረውን በብሩሽ አሣልሁት። ስምንት ዓመት በዚህ ተመክቼበታለሁ፤ ይኼንንም ልጅ ጭቃ ቤት አደግህ ብዬ ሰድቤዋለሁ። እሱ ያን ቅዳሜ አወቀ። ሊያዋርደኝ ሲችል ግድግዳዬን በነጠላ አለበሰልኝ። አፍ ቢለውጥ እንዳታውቁብኝ ብሎም ፊያትዎን ከነጭቃው ሸኘ። ድንጋይ ከፈለጋችሁ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ «ድንጋዩ ይኼ ነው።»

ሙሽራዋ የኔዓለም ወጥታ የአባቷን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው። አባቴ አብዱልቃኒ በሰው መሃል መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። እጁ ከባድ ነበር፣ ደስ የሚል ክብደት። ሰው ፊት አላለቀስሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አቶ በላቸው ቀዳዳዋን ቀርበው አዩ። ጭዱን ነኩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እኔ መጡ፤ ያ ትልቅ ድምፅ አነሰ። «ፊያቱ በር ላይ ነው፤ ጭቃ ለብሷል» አሉ። «ታጥብልኛለህ?»

«በስንት ቁጥር ልጠበው?» አልኋቸው። ትንሽ መኩራራት ይገባኝ ነበር።

«አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ሦስት ዓመት ሆነው ይኼ ነገር። አሁን በመንገዱ ላይ ባለ ፓምፕ ሌሎችም መጥተዋል፤ ይምጡ። ግራዝማች ሆቴላቸውን ዳግም አስለስነውታል፤ ያቺን ቀዳዳ ግን አትንኩብኝ ብለው አስቀርተዋታል። አገሩም ቤቱን አሁንም «ድንጋይ ቤቱ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳውን በአርባው አጥበዋለሁ። ቀዳዳዋ አጠገብ ስደርስ ግን ውሃውን እዘጋለሁ፣ ዘንጉን መሬት ላይ አኖራለሁ፤ ዙሪያዋን በእርጥብ ጨርቅ፣ በእጄ እጠርጋታለሁ።